የህንድ የጨው ቀረጥና የ1930ው እምቢታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማህተመ ጋንዲ ወደ ባሕር ወርዶ አንድ ጭብጥ ጨው አነሣ፤ እንግሊዞችም አፍረው ቀረጡን ተዉ። የህንድ የጨው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው። ጨው ማንሣቱ እውነት ነው። የቀረው ግን ሲፈተሽ አብዛኛው አይጸናም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ደግሞ ነገሩን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። ሰው ጨው በራሱ እንዳያነሣና እንዳይሠራ የተጣለው ክልከላ ከቀረጡ ይከብድ ነበር፤ ይህን ያልያዘ ሰው ጋንዲ በ1930 ወደ ባሕር ያደረገው ጉዞ ለምን ያን ያህል አገር እንዳነቃነቀ አይገባውም።

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን የህንዱ ገንዘብ 1 ሩፒ 16 አና ነበር። ጨው ይቀረጥ የነበረው በማውንድ ሲሆን፣ 1 ማውንድ 37.3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል።

«በጨው ላይ ቀረጥ የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው»

አይደሉም። በሞጉል ነገሥታት ዘመን ቤንጋል ውስጥ ሂንዱው ነጋዴ ከጨው 5 በመቶ፣ ሙስሊሙ 2.5 በመቶ ይከፍል ነበር። እንግሊዞች የለወጡት መጠኑንና አሠራሩን ነው። በ1765 ሮበርት ክላይቭ፣ ያኔ ቤንጋልን በያዘው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ስም፣ የኩባንያው ሹማምንት የሚካፈሉበት የንግድ ማኅበር አቋቁሞ ጨውንና ትምባሆን ጠቀለለ። ማኅበሩ በ1768 ፈረሰ፤ በ1772 ግን ዋረን ሄስቲንግስ ጨዉን መልሶ በኩባንያው እጅ አስገባው። ከ1780 ጀምሮ ጨው በሚመረትበት አውራጃ ሁሉ የኩባንያ ወኪል ተቀመጠ። ማላንጊ የሚባሉት ጨው አምራቾች ያፈሉትን ሁሉ ኩባንያው በቆረጠው ዋጋ ለኩባንያው ብቻ ያስረክባሉ፤ ኩባንያው ዋጋውን ሰቅሎ ለጅምላ ነጋዴ ይሸጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ገቢው ቀረጥ የሚል ስም እንኳ አልነበረውም፤ የብቸኛ ሻጭ ትርፍ ነው። ኦሪሳ በ1803 በጦር ሲያዝ በማግስቱ ዓመት ይኸው አሠራር እዚያም ተዘረጋ። የኦሪሳ ባሕር ዳር ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያለ ከልካይ ሲጠርገው የኖረውን ጨው ከመንግሥት መጋዘን እንዲገዛ ተገደደ። በ1817 እዚያ ለፈነዳው የፓይካዎች (የአካባቢው ባለመሬት ወታደሮች) አመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር።

«በህንድ መካከል የተተከለው የጨው አጥር ተረት ነው»

ተረት የሚመስል እውነት ነው። ችግሩ የመጣው ከዋጋ ልዩነት ነው። ቤንጋል ውስጥ ቀረጡ በማውንድ 3 ሩፒ ከ4 አና ደርሶ ሳለ፣ በራጅፑታና መሳፍንት ግዛት ካለው የሳምባር ሐይቅ በርካሽ የሚወጣ ጨው ነበር። ምርቱ ጥቂት አና የሚያወጣ ዕቃ ድንበር ሲሻገር በሩፒ የሚሸጥ ከሆነ፣ የሚያሻግር ሰው አይጠፋም።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ኬላ ነው፤ ያውም እንደ ገመድ የተዘረጋ ኬላ። በ1869 መስመሩ ከኢንዱስ ወንዝ እስከ ማሃናዲ ወንዝ 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር፤ 12,000 ያህል ሰው ይጠብቀዋል። በብዙ ቦታ ላይ መስመሩን አጥር አደረጉት፤ መጀመሪያ የደረቀ እሾህ ከመሩ። የደረቀው አጥር ግን ለጥገና አስቸጋሪ ሆነ። ምስጥ ይበላዋል፣ እሳት ይይዘዋል፣ ዐውሎ ነፋስ ያነሣዋል፣ ክረምት ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ሕያው ተክል መትከል ተጀመረ፦ መሬቱ ደረቅ በሆነበት ቁልቋል፣ በሌላው ቦታ ግራርና እሾሃማ ቁጥቋጦ። በደንብ የያዘው ክፍል ቁመቱ እስከ 3 ሜትር ተኩል ደርሶ ነበር። ኮንትሮባንዲስቶች ደግሞ ጆንያውን በአጥሩ ላይ ይወረውራሉ፤ ወይም ጨው የጫኑ ግመሎችን መንጋ በአንድ ጊዜ ነድተው ይጥሱታል።

አጥሩን በማስተከል በጣም የደከመው የጉምሩክ ኮሚሽነር አለን ኦክታቪያን ሂዩም ነው፤ ኋላ የነጻነቱን ትግል የመራውን ፓርቲ፣ የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስን፣ በ1885 ካቋቋሙት ሰዎች ዋነኛው እሱው ራሱ ነው። ታሪክ እንዲህ ያለውን ቀልድ ይወዳል።

አጥሩ በ1879 ሲተው ብዙ ሰው መንግሥት ለሕዝቡ አዝኖ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። በ1870 እንግሊዞች ከጃይፑርና ከጆድፑር ገዢዎች ጋር ተዋውለው ሳምባር ሐይቅን ተከራዩ። ጨዉ ከምንጩ ሲወጣ እዚያው መቅረጥ ከተቻለ መንገድ ላይ መጠበቅ አያስፈልግም። እኛ አገር ከአርሆ የሚወጣው አሞሌ በየኬላው ሲቀረጥ እንደኖረው ሁሉ እዚያም ጨው በመንገድ ላይ ይቀረጥ ነበር፤ ሳምባር ከተያዘ በኋላ ግን ቀረጡ ወደ ማዕድኑ አፍ ሄደ።

«ህንዶች ጨው እንዳያመርቱ ተከልክለው ጨው ሁሉ ከእንግሊዝ ይመጣ ነበር»

ይህ ለቤንጋል ከሞላ ጎደል ይሠራል፤ ለሌላው ግን አይሠራም። ቤንጋል ባሕር ዳር ብትሆንም ጨው ለማምረት አትመችም። የጋንጅስ ውኃ ባሕሩን ያቀጥነዋል፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ፀሐይ ብቻዋን አታደርቀውም፤ በእንጨት ማፍላት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ውድ ነው። በአንጻሩ ከሊቨርፑል ወደ ካልካታ ዕቃ ሊጭኑ የሚመጡ መርከቦች ባዶአቸውን እንዳይንገላቱ ለሚዛን የቼሻየር ጨው ይጭኑ ስለነበር ማጓጓዣው ርካሽ ሆነ። ኩባንያው ሲያስፈላው የነበረው የቤንጋል ጨው በ1863 ተዘጋ።

በማድራስና በቦምቤይ ግን በፀሐይ የሚደርቅ ጨው በሰፊው ይመረት ነበር፤ ከፊሉ በመንግሥት፣ ከፊሉ ፈቃድ ባላቸው ግለሰቦች። ፑንጃብ ውስጥ የኬውራ የድንጋይ ጨው ማዕድን፣ ጉጃራት ጫፍ ላይ የካራጎዳ የጨው እርሻ ነበሩ። የ1882ው የጨው ሕግ ማምረትን ፈጽሞ አልከለከለም። ያለ መንግሥት ፈቃድና ያለ ቀረጥ ማምረትን፣ መሰብሰብንና መያዝን ነው የከለከለው።

ለኛ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። ጋንዲ በሚነሣበት ዘመን ወደ ካልካታ የሚገባው የውጭ ጨው በብዛት ከሊቨርፑል አይደለም። ኤደን፣ ፖርት ሰይድና በጣሊያኖች እጅ የነበረችው ምጽዋ ዋና ላኪዎች ሆነው ነበር። በ1931 የህንድ መንግሥት በውጭ ጨው ላይ በማውንድ 4 አና ተኩል ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥል፣ ኤደን ያኔ በህንድ አስተዳደር ሥር ስለነበረች ከጭማሪው ነጻ ሆነች፤ የምጽዋ ጨው ግን ተመታ።

«ቀረጡ ድሃውን ያራቆተ ነበር» እና «ኧረ ከቁጥር የማይገባ ሳንቲም ነበር»

ሁለቱም ወገኖች ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራው። ከ1882 በኋላ የነበረው መጠን በማውንድ እንዲህ ሄደ፦ በ1882 2 ሩፒ፣ በ1888 2 ሩፒ ተኩል፣ በ1903 2 ሩፒ፣ በ1905 1 ሩፒ ተኩል፣ በ1907 1 ሩፒ፣ በ1916 1 ሩፒ ከ4 አና። በ1923 የሕግ ምክር ቤቱ እምቢ እያለ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ ህንድን የሚገዛው ሎርድ ሬዲንግ በሥልጣኑ በአንድ ጊዜ ወደ 2 ሩፒ ከ8 አና አሳደገው። በዓመቱ ተመልሶ 1 ሩፒ ከ4 አና ሆነ። ጋንዲ ጉዞ ሲጀምር የነበረው ይኸው ነው።

አንድ ሰው በቀን 15 ግራም ጨው ቢበላ በዓመት 5 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። 1 ሩፒ ከ4 አና ማለት 20 አና ነው፤ ለ37.3 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ ግማሽ አና ብልጫ አለው። ስለዚህ የአንድ ሰው የዓመት ቀረጥ 3 አና ገደማ ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 15 አና ይከፍላል፤ ለከብት የሚሰጠው ጨው ሳይቆጠር። ጋንዲ በማርች 2 ቀን 1930 ለእንደራሴው ሎርድ ኤርዊን በጻፈው ደብዳቤ የህንዳዊ አማካይ ገቢ በቀን ከ2 አና በታች መሆኑን ጠቅሶ፣ የእንደራሴው ደመወዝ በወር 21,000 ሩፒ መሆኑን ከጎኑ አስቀምጦለታል። በዚህ ስሌት 3 አና ማለት የአንድ ቀን ተኩል ገቢ ነው።

የአንድ ቀን ተኩል ገቢ ሰው አይገድልም፤ የመንግሥት ተሟጋቾችም ይህን ሲደጋግሙ ኖረዋል። ከመንግሥት ገቢም የጨው ድርሻ ከአሥር አንድ እጅ በታች ነበር። ነገር ግን ሒሳቡ ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛው፣ ጨው ሀብታሙም ድሃውም እኩል የሚበላው ነገር መሆኑ ነው። እንዲያውም በፀሐይ ሲያርስ የሚውለው ድሃ ከጥላ ሥር ከሚቀመጠው ይልቅ ያልበዋል፣ ብዙ ጨውም ይፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የሚዘለለው ነው፦ ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ቀረጡ 3 አና አልነበረም። ጨዉ ከቤቱ ደጃፍ የባሕር ሞገድ ትቶት የሚሄደው ነጭ ቅርፊት ነው፤ ዋጋው ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ይህን ሲነካ ወንጀለኛ ከሆነ፣ ሱቅ ሄዶ የሚከፍለው ዋጋ በሙሉ፣ የነጋዴው ትርፍና የማጓጓዣው ጭምር፣ ለእሱ ቀረጥ ነው። የጨው ጠባቂዎችም በየሥፍራው በተፈጥሮ የተጋገረውን ጨው ከጭቃ እየደባለቁ ያበላሹ ነበር። የዓለም አቀፍ ጋዜጦች የማይገባቸው የነበረው የሕዝብ ቁጣ ከዚህ የመነጨ ነው፤ ሰው ሲቀረጥ ያማርራል፣ እግሩ ሥር ያለው ሲበላሽበት ግን ይነሣል።

«ተቃውሞው በ1930 ጀመረ»

በ1844 የቦምቤይ መንግሥት ቀረጡን ከ8 አና ወደ 1 ሩፒ ሲያሳድግ የሱራት ከተማ ሕዝብ በአመፅ ወጣ፤ መንግሥትም ከጭማሪው ወደኋላ ለማለት ተገደደ። የኮንግረስ ፓርቲ በ1885 ቦምቤይ ላይ ሲሰበሰብ የጨው ቀረጥ በመጀመሪያው ጉባኤው ተነሥቷል። ጋንዲም ቢሆን ነገሩን በ1930 አላገኘውም፤ በ1891 ሎንደን የሕግ ተማሪ ሳለ በጻፈው ጽሑፍ ላይ የጨው ቀረጥን ጠቅሶ ነቅፎታል።

«የኮንግረስ መሪዎች በአንድ ድምፅ ደገፉት»

ጨው ሲባል ብዙዎቹ ግራ ተጋብተው ነበር። ኔህሩ ከነጻነት ጥያቄ ጋር የጨው ነገር ምን እንደሚያገናኘው አልታየውም። ቫላብባይ ፓቴል የመሬት ግብር አለመክፈልን ይመርጥ ነበር። ጋንዲ በጃንዋሪ 1930 ካወጣቸው 11 ጥያቄዎች ውስጥም ጨው አንዱ ብቻ ነው፤ የመሬት ግብር በግማሽ እንዲቀነስ፣ የጦር በጀት በግማሽ እንዲወርድ፣ መጠጥ እንዲከለከል የሚሉም አሉበት። ጨዉን ከመካከላቸው የመረጠበት ምክንያት ሲታይ ግን ከባድ አይደለም። የመሬት ግብር ባለመሬቱን ብቻ ይነካል፤ እምቢ ያለ ሰውም መሬቱን ይነጠቃል። ጨው ግን ሂንዱውንም ሙስሊሙንም ይነካል፤ ሕጉን ለመጣስም ገንዘብ፣ ማንበብና መጻፍ ወይም መሣሪያ አያስፈልግም። ኤርዊንም የጨው ዘመቻው እንቅልፍ እንደማይነሣው ለለንደን ጽፎ ነበር።

«ጉዞው እንግሊዞችን ድንገት ያዛቸው»

ድንገት የሚባል ነገር አልነበረውም። የማርች 2ቱ የጋንዲ ደብዳቤ ለእንደራሴው የደረሰው ከመነሻው ዕለት በፊት ነው፤ ያደረሰውም ሬጂናልድ ሬይኖልድስ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ነው። የተጓዦቹ ስም ዝርዝር በጋዜጣ ወጣ። ማርች 12 ከአህመዳባድ ሳባርማቲ የተነሡት 78 ሰዎች ነበሩ፤ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በ24 ቀን ሄደው ኤፕሪል 5 ዳንዲ የተባለች የባሕር ዳር መንደር ገቡ። ሰኞ ጋንዲ የማይናገርበት ቀን ስለሆነ ይታረፋል፤ በሌላው ቀን በአማካይ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳሉ፣ አብዛኛውን ጠዋትና ማታ ቀዝቀዝ ሲል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እያንዳንዱ መንደር አስቀድሞ የቤት ሥራ ተሰጥቶት እንደነበር ነው። ምግቡ ቀላል ይሁን፣ ጣፋጭ አይዘጋጅ፣ መኝታ አይነጠፍ ተባለ። ከዚያ በተጨማሪ የመንደሩ ሰው ቁጥር፣ ሴቱና ወንዱ፣ ሂንዱው፣ ሙስሊሙና ፓርሲው (የዞራስተር እምነት ተከታዩ)፣ የመንደሩ የመሬት ግብር፣ የላምና የበሬ ብዛት፣ የጥጥ መፍተያው፣ በዓመት የሚበላው ጨው ተቆጥሮ እንዲጠብቀው ጋንዲ ጠየቀ። ከበሮ የሚመታለት እንግዳ ሳይሆን እንደ ቆጠራ ሠራተኛ ነው የመጣው። በየመንደሩም የመንግሥት ሹመት የያዙ የመንደር ሹሞች ሥራቸውን እንዲለቁ ይወተውት ነበር፤ ብዙዎች ለቀቁ። አስተዳደሩን የጎዳው ከጨዉ ይልቅ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉድለትም ነበረ። ማርች 29 ባትጋም በተባለ መንደር ጋንዲ የራሱን ሰዎች ክፉኛ ገሠጸ፦ ከሱራት ወተት በመኪና ሲመጣላቸው፣ ድሆች ሠራተኞች በራሳቸው ላይ ፋኖስ ተሸክመው መንገድ ሲያበሩላቸው አይቶ። በድሃ ስም የሚጓዝ ሰው ድሃውን መብራት ማሸከሙ ያሳፍራል ነው ነገሩ።

«ጋንዲ ዳንዲ ላይ የባሕር ውኃ አፍልቶ ጨው ሠራ»

ኤፕሪል 6 ከጠዋቱ 2:30 ላይ ያደረገው በባሕሩ ዳርቻ የቀረውን ጨው ከነጭቃው መዝገን ነው። ያውም ብዙ አልተገኘም፤ ፖሊሶች አስቀድመው ደርሰው የተጋገረውን ጨው ከአፈር ቀላቅለውት ነበር። ማፍላቱ የመጣው በኋላ በሌሎች እጅ ነው። እዚህ ላይ ሥራውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «ውኃ ጥዶ ማፍላት» የሚለው ስዕል ራሱ የተሳሳተ ነው።

አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨዋማ ነገር አለው፤ የምንበላው ጨው ከዚህ ውስጥ 27 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ጨው ለማውጣት 37 ሊትር ያህል ውኃ ማትነን ያሻል። በሦስት ጉልቻ ክፍት እሳት ላይ፣ አብዛኛው ሙቀት ወደ ሰማይ ስለሚሄድ፣ ይህ ከ30 ኪሎ በላይ ደረቅ ማገዶ ይበላል። ለ1 ኪሎ ጨው! ማንም ድሃ ይህን አያደርግም። የባሕር ዳር ሰዎች የሚያውቁት መንገድ ሌላ ነው። ከፍተኛ ሞገድ ሸፍኖት የሸሸው መሬት በፀሐይ ሲደርቅ ጨው ያወጣል፤ ያንን የላይኛውን ስስ አፈር ይፍቃሉ። ታቹ በተበሳ እንስራ ውስጥ ጭድ ወይም ሣር ያነጥፋሉ፣ አፈሩን ይሞላሉ፣ የባሕር ውኃ ቀስ እያሉ ያፈሱበታል፤ ልክ ጠላ እንደሚጠለል። ከታች የሚንጠባጠበው ውኃ ወፍራም ጨዋማ ውኃ ነው። ጥሬ እንቁላል ሲጣልበት ከተንሳፈፈ ለማፍላት ደርሷል፤ ከሰመጠ ተመልሶ በአዲስ አፈር ላይ ይፈስሳል። ጨው እስከሚችለው ድረስ የጠገበ ውኃ በሊትር ከ300 ግራም በላይ ስለሚይዝ፣ ለ1 ኪሎ ጨው የሚተነው ውኃ ወደ 3 ሊትር ይወርዳል፤ ማገዶውም ከአሥር አንድ ይሆናል።

በፀሐይ የሚሠሩት ደግሞ ውኃውን ጥልቀት በሌላቸው ገበታዎች ተራ በተራ ያሳልፉታል። መጠኑ ወደ አሥረኛው ሲወርድ፣ የውኃውን ጨዋማነት በሚያሳየው የቦሜ መለኪያ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨዉ መዝነብ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሚወርደው ነጭ ዝቃጭ ጂፕሰም ነው፤ እሱ በፊተኛው ገበታ መቅረት አለበት። ወሳኙ ነገር መጨረሻው ላይ ነው፦ 29 ወይም 30 ዲግሪ ሲደርስ የተረፈው ውኃ መፍሰስ አለበት። የማግኒዥየም ጨዎች የሚቀሩት እዚያ ውስጥ ነው። ድስቱ ጠብታ እስኪያጣ የሚያደርቅ ሰው ጨዉ ይመርበታል፣ አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት እየሳበ በማግሥቱ ይርስበታል። በ1930 በየከተማው የተሠራው «ሕገ ወጥ ጨው» ብዙው ችግሩ ይህ ነበር፤ ጭቃው ሳይጠራ፣ መራራው ውኃ ሳይፈስ የደረቀ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚያሰኝ ነው። ግን ሕጉ ስለ ጣዕም አይጠይቅም፤ መራራውም ጣፋጩም እኩል ያሳስራል፣ ለዘመቻውም የሚበቃው ያ ነው።

ወቅቱም በአጋጣሚ አልተመረጠም። ኤፕሪልና ሜይ በምዕራብ ህንድ ጠረፍ ደረቅ ስለሆኑ መሬቱ ጨው ያወጣል። ጁን ላይ የሞንሱን ዝናብ ሲገባ ሁሉም ይታጠባል። ዘመቻው ከክረምቱ ጋር ከጨው ወደ ውጭ ጨርቅ አለመግዛት፣ ወደ መጠጥ ቤቶችና ወደ ደን ሕጎች የዞረው በዚህም ምክንያት ነው።

«ጋንዲ ጨው ሲያነሣ እዚያው ታሰረ»

አንድ ወር ሙሉ ማንም አልነካውም። መንግሥት በቁንጥር ጨው ፍርድ ቤት ቢያቀርበው መድረክ እንደሚሰጠው ገብቶታል። ኔህሩን ግን ኤፕሪል 14 በጨው ሕግ ይዞ ስድስት ወር ፈረደበት። ጋንዲ የተያዘው ሜይ 5 ሌሊት፣ ከዳንዲ አጠገብ ካራዲ በተባለች መንደር፣ የዳራሳናን የመንግሥት ጨው ማምረቻ በሰላም እንደሚወርር ካሳወቀ በኋላ ነው። የተጠቀሰበትም የጨው ሕግ አይደለም። የቦምቤይ የ1827 ደንብ ቁጥር 25 ነው፤ ሰውን ያለ ክስና ያለ ፍርድ ለማቆየት የሚያስችል። እስከ ጃንዋሪ 26 ቀን 1931 የራቫዳ ወህኒ ቤት ቆየ። በጨው ታሪክ ስሙ የገነነው ሰው በጨው አልተፈረደበትም።

«ነገሩ ዳንዲ ላይ ተጀምሮ ዳንዲ ላይ አለቀ»

ዳንዲ ምልክቱ ነበረች። በደቡብ የኮንግረስ መሪው ራጃጎፓላቻሪ ኤፕሪል 13 ከቲሩቺራፓሊ 100 ያህል ሰዎች ይዞ ወደ ቬዳራንያም ተነሣ። የታንጃቩር አስተዳዳሪ ተጓዦችን የሚያበላና የሚያሳድር እንደሚቀጣ አስነገረ። የመንደር ሰዎች ምግቡን በጥቅል አድርገው ዛፍ ላይ እየሰቀሉ አሳለፏቸው፤ ማን እንዳበላ ማን ይመሰክራል? ኬላ ላይ የማይያዝ ቸርነት ነው። በኬረላ ኬላፓን ከኮዚኮድ ወደ ፓያኑር መራ፤ በኦሪሳ የኢንቹዲ፣ በቤንጋል የኮንታይ ባሕር ዳር ሰዎች ጨው አፈሉ። ቦምቤይ ከተማ ውስጥ የኮንግረስ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ የባሕር ውኃ በገበታ ይደርቅ ነበር።

የዳራሳናን ሰላማዊ ወረራ ጋንዲ እንደመራው የሚጽፉ አሉ፤ በዚያን ቀን እሱ ወህኒ ነበር። ተተኪው አዛውንት ዳኛ አባስ ትያብጂም ቀድሞ ታስሮ ነበር። ሜይ 21 2,500 ያህል ፈቃደኞችን ይዛ የወጣችው ገጣሚዋ ሳሮጂኒ ናይዱ ናት። ሰልፈኞቹ ረድፍ በረድፍ ወደ ሽቦው ቀረቡ፤ ፖሊስ ጫፉ ብረት በሆነ ዱላ ራስ ራሳቸውን መታ፤ እጁን ለመከላከያ ያነሣ አልነበረም። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር በጊዜያዊው ሆስፒታል 320 ቁስለኛ ቆጥሮ ዜናውን ለዓለም አሠራጨ። ከማምረቻው የተወሰደ ጨው የለም ማለት ይቻላል። በዓመቱ መጨረሻ ከ60,000 በላይ ሰው ታስሮ ነበር።

«ሴቶች ከመጀመሪያው አብረው ተጓዙ»

ከ78ቱ አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ ጋንዲ ነው ያልፈቀደው። እንግሊዞች ሴት ስለማይመቱ ሴቶችን ከፊት ማሰለፍ መደበቂያ ይመስላል የሚል ክርክር ነበረው። ብዙዎቹ ሴቶች አልተቀበሉትም። ዳንዲ ላይ ሳሮጂኒ ናይዱ ተገኘች፤ ቦምቤይ ውስጥ ካማላዴቪ ቻቶፓድያይ ሕገ ወጡን ጨው በጥቅል በአደባባይ ሸጠች። ጋንዲ ከታሰረ በኋላ በየከተማው ብዙውን ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው።

«ጉዞው የጨው ቀረጡን አስቀረ»

ይህ ከሁሉ የተስፋፋው ነው፤ ከሁሉም የራቀ ነው። ማርች 5 ቀን 1931 በተፈረመው የጋንዲና የኤርዊን ስምምነት መንግሥት በገንዘብ ችግር ምክንያት የጨው ሕጉን እንደማይለውጥ በግልጽ ጻፈ። የለቀቀው አንድ ነገር ነው፦ ጨው በተፈጥሮ በሚገኝባቸው ወይም ሊሠራ በሚችልባቸው ቦታዎች አጠገብ የሚኖሩ መንደርተኞች ለቤታቸው እንዲሰበስቡና እንዲሠሩ፣ በዚያው መንደር ውስጥም እንዲሸጡ። ከመንደሩ ውጭ ላለ ሰው መሸጥ ግን ክልክል ሆኖ ቀረ። ብዙ የኮንግረስ ሰዎች ይህን አይተው አዝነዋል፤ ለባሕር ዳሩ ሰው ግን እግሩ ሥር ያለውን ጨው መልሶለታል።

ቀረጡ ራሱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዚያው ዓመት በኖቬምበር 25 በመቶ ተጨምሮበት 1 ሩፒ ከ9 አና ሆነ። የተነሣው ከጉዞው 17 ዓመት በኋላ፣ ከነጻነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1947 ነው፤ በበጀቱ ያቀረበውም የሙስሊም ሊጉ ሊያቃት አሊ ካን፣ በጊዜያዊው መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ። በ1953 ደግሞ ነጻይቱ ህንድ ለጨው ምርት ማሻሻያ በሚል በማምረቻዎች ላይ አነስተኛ ክፍያ የሚጥል ሕግ አወጣች።